ለእናቴ የሚመጣው ቫን፦ መውሰዱን ያውቅበታል፣ መመለሱ ላይ ይቀረዋል (ከ5 ኮከብ 3)

ሰላም ለሁላችሁ። 3 ኮከብ ነው የሰጠሁት፣ ለምን እንደሆነ በደንብ ልጻፈው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እናቱን ወይ አባቱን ካገር ቤት አምጥቶ ይሄ አገልግሎት መኖሩን ሳያውቅ ከስራ እየቀረ ሲያመላልስ ነው የማየው፣ እኔም ራሴ የመጀመሪያውን 7 ወር እንደዛ ነው ያሳለፍኩት። እናቴ 74 አመቷ ነው፣ ኩላሊቷ ስራ ካቆመ ወዲህ ማክሰኞ፣ ሀሙስ፣ ቅዳሜ ዲያሊሲስ (ደሟን በማሽን ማጣራት) አላት፣ በስኳሩ ምክንያት ደሞ አንድ እግሯ ስለተጎዳ ከቤት ስትወጣ በዊልቸር ነው። ይሄን አገልግሎት ሶስት አመት ከአራት ወር ተጠቅመንበታል፣ በሳምንት ቢያንስ ስድስት ጉዞ፣ ስለዚ አንድ ቀን ተናድጄ የጻፍኩት ነገር አይደለም።

የድርጅቱን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። አሜሪካ ነው ያለነው፣ ካውንቲው (የአካባቢው አስተዳደር) ለኮንትራክተር ሰጥቶ የሚያሰራው ፓራትራንዚት ነው፣ ከሾፌሮቹ ውስጥ ያገራችን ልጆች ብዙ ናቸው፣ ስም ከጠራሁ ወቀሳው የሚያርፈው መሪ የያዘው ሰው ላይ ነው። እኔ ደሞ በሶስት አመት ውስጥ እማዬን ያዋረደ ወይ የጮኸባት ሾፌር አላየሁም። ቅሬታዬ ሌላ ቦታ ነው፣ እሱን እደርስበታለሁ።

ፓራትራንዚት ምን እንደሆነ ለማያውቅ፣ በአካል ጉዳት ምክንያት መደበኛውን ባስ ወይ ባቡር መጠቀም የማይችል ሰው ቤቱ ድረስ መጥቶ የሚወስድ ሊፍት ያለው ቫን ነው። ብቻችሁን አይደለም የምትሄዱት፣ መንገድ ላይ ሌላም ሰው ይጭናል ያወርዳል፣ ስለዚ በመኪና 15 ደቂቃ የሚፈጀው መንገድ 50 ሊሆን ይችላል። ሰው ቸርነት ይመስለዋል፣ እማዬም መጀመሪያ አካባቢ ቫኑ በመጣ ቁጥር መንግስትን ስትመርቅ ነበር፣ ግን መብት ነው። በ1990 የወጣው የአሜሪካ አካል ጉዳተኞች ህግ፣ ኤዲኤ የሚሉት፣ በቋሚ መስመር የከተማ ባስ የሚያሰራ የህዝብ ድርጅት ይሄን ጎን ለጎን እንዲያቀርብ ያስገድደዋል። ህጉም ደሞ በምርቃት አልመጣም፣ ዴንቨር ያላችሁ ኮልፋክስ ጎዳናን ታውቁታላችሁ፣ በ1978 ጁላይ ላይ ኮልፋክስና ብሮድዌይ የሚገናኙበት ላይ 19 አካል ጉዳተኞች ሊፍት የሌለው ባስ አንፈልግም ብለው ዊልቸራቸውን ባሶቹ ፊትና ኋላ ደቅነው፣ አንዳንዶቹም ከዊልቸር ወርደው አስፋልቱ ላይ ተኝተው ሌሊቱን እዛው አደሩ። ይሄንን ለእማዬ ስነግራት ብዙ ነው ዝም ያለችው፣ ከዛ "እናት አላቸው እኮ እነሱም" አለች። ከዛን ቀን ወዲህ ቫኑ ሲዘገይ ደውላ መጠየቅ ጀመረች፣ ድሮ ግን "ተዪያቸው፣ በነጻ ለሚያደርጉልን" ብላ አክስቴን እንኳን አታስደውልም ነበር።

በነጻ አይደለም በነገራችን ላይ። ዋጋው የባሱን እጥፍ ድረስ መሆን ይችላል፣ ከዛ በላይ ማስከፈል አይችሉም፣ ባስ 2 ዶላር ከሆነ ቫኑ ከ4 አይበልጥም፣ ባሱ ነጻ የሆነበት ከተማ ከሆናችሁ ደሞ ይሄም ነጻ መሆን አለበት። ረዳት የምትፈልጉ ከሆነና ማመልከቻው ላይ ካስመዘገባችሁ ረዳቱ አይከፍልም። የት ልትሄዱ ነው፣ ለምን ብለው ጉዞውን መከልከል ወይ ማሳነስ አይችሉም፣ ሀኪም ጋ ሂዱ፣ ለቅሶ ሂዱ፣ እንጀራ ልትገዙ ሂዱ፣ እኩል ነው። ይሄኛውን ብዙ ሰው አያውቅም፣ ለህክምና ብቻ ይመስለዋል። ለህክምና ብቻ የሆነው ሌላ ነው፣ ሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሚሰጠው የመንግስት የጤና መድን) ያለው ሰው ሀኪም ቤት የሚያመላልሰው መኪና ነው፣ እሱም ለብቻው ስላለ ሁለቱን አታደባልቁ፣ ሁለቱም የሚገባችሁ ከሆነ ሁለቱንም አውጡ።

አሁን ማመልከቻው። እድሜ ብቻውን አያስገባም፣ 90 አመት ቢሆናችሁም ባስ መሳፈር ከቻላችሁ አይፈቀድም፣ የሚታየው ሰውየው ፌርማታ ድረስ መሄድ፣ መሳፈር፣ መውረጃውን ማወቅ ይችላል ወይ የሚለው ነው። እኛ ጋ ሀኪም የሚሞላው ፎርም አለ፣ ከዛ በአካል ቀርባችሁ ትጠየቃላችሁ፣ ትንሽ አራምደው ያያሉ። እማዬን የጠየቀቻት ሴትዮ ጨዋ ነበረች፣ አስተርጓሚም በስልክ አስገባች፣ "ዛሬ እንዴት ነሽ?" ስትላት እማዬ ቀጥ ብላ ተቀምጣ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ" አለች። "ፌርማታ ድረስ መሄድ ትችያለሽ?" "ቀስ እያልኩ እሄዳለሁ፣ ምን አጣድፎኝ።" እኔ አጠገቧ ሆኜ ላቤ መጣ። ባዳ ፊት ህመምን መዘርዘር ነውር ነው እሷ ጋ፣ ቤት ውስጥ ግድግዳ እየያዘች የምትሄድ ሰው ሴትዮዋ "እስቲ ትንሽ ተራመጂ" ስትላት ጥርሷን ነክሳ ያለ ድጋፍ ሰባት ስምንት እርምጃ ሄደችላት፣ እንግዳ ፊት እንደምትሆነው ማለት ነው።

ደብዳቤው ሲመጣ ፈቃዱ በቅድመ ሁኔታ ነው፣ ከዲያሊሲስ ስትመለስና በረዶ ሲኖር ብቻ፣ በሌላው ጊዜ ባስ ትጠቀም ይላል። ይግባኝ አልን፣ ውሳኔው ከደረሳችሁ በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ትችላላችሁ፣ አትዘግዩ። ሁለተኛው ቀን መኪና ውስጥ እያለን "እማዬ፣ ዛሬ ሀኪም ፊት እንዳለሽ ቁጠሪው፣ ለሀኪም ህመም አይደበቅም" አልኳት። እሺ ብላ ገባች፣ ያኔ ነው እግሯ ሌሊት ሌሊት ድንዝዝ እንደሚልባት፣ መታጠቢያ ቤት ሁለቴ እንደወደቀችና እኔ እንዳልሰማ ራሷ ተጎትታ እንደተነሳች ስትናገር የሰማሁት። አስተርጓሚው ራሱ ትንሽ ዝም ብሎ ነው የተረጎመው። ሙሉ ፈቃድ ሰጧት። ለሁላችሁም የምለው፣ እናት አባታችሁን ይዛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ቤት ውስጥ ተነጋገሩ፣ የሚጠየቀው በጥሩ ቀን ምን ትችላለህ ሳይሆን በመጥፎው ቀን ምን ያቅትሃል እንደሆነ አስረዷቸው። ሌላ ደሞ፣ ማመልከቻው ተሟልቶ ገብቶ በ21 ቀን ውስጥ ካልወሰኑ እስኪወስኑ ድረስ እንደተፈቀደ ተቆጥሮ መጠቀም መብት ነው፣ ቀኑን ጽፋችሁ ያዙ።

ስልኩ ላይ። ቦታ የሚያዘው ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ነው፣ "አማርኛ" ስትሏቸው አስተርጓሚ ያገናኛሉ። ጥሩ ነው፣ ግን የሰዓት ነገር አንድ ቀን ጉድ ሰራን። የአይን ሀኪም ቀጠሮ ነበራት፣ አራት ወር የጠበቅነው፣ በፈረንጅ ጠዋት 9። እማዬ ራሷ ደውላ "ሶስት ሰዓት ላይ ነው ቀጠሮዬ" አለች፣ በኛ ሰዓት መሆኑ ነው፣ አስተርጓሚው እንዳለ "ስሪ" ብሎ አስተላለፈው፣ ያችኛዋ ከሰዓት በኋላ 3 ብላ ያዘች። ጠዋት ለብሳ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ በር ላይ ቁጭ ብላ ስትጠብቅ ቀጠሮው አለፈ። ማንም ክፉ አላደረገም እዚህ ላይ፣ ሶስቱም የመሰላቸውን ነው የተናገሩት፣ ግን ስልኩ ከመዘጋቱ በፊት "ጠዋት ነው ከሰዓት?" ብሎ መልሶ ማንበብ አምስት ሰከንድ ነው የሚወስደው። አሁን ፍሪጁ ላይ በሁለት ረድፍ ጽፌላታለሁ፣ በግራ በኛ ሰዓት በቀኝ በፈረንጅ፣ ስትደውል የቀኙን ታነባለች። ሌላ የተማርነው፣ ስትይዙ ቫኑ መቼ ይምጣ ብላችሁ አትጀምሩ፣ ቀጠሮው ስንት ሰዓት እንደሆነ ንገሯቸው፣ እነሱ ወደኋላ አስልተው መነሻውን ይሰጣችኋል፣ ከዘገየ ጥፋቱ የነሱ ይሆናል።

ስለ ቫኑና ሾፌሮቹ ምስጋናዬ የእውነት ነው። ሾፌሩ ወርዶ በር ድረስ ይመጣል፣ ዊልቸሩን ጀርባውን ወደ ቫኑ አዙሮ ሊፍቱ ላይ ያወጣዋል፣ ውስጥ ከገባች በኋላ አራት ቀበቶ አለ፣ ሁለት ከፊት ሁለት ከኋላ፣ የዊልቸሩን ብረት ይይዛሉ፣ እያንዳንዱን ስቦ ያጠብቃል፣ ከዛ የእሷን ቀበቶ ያስራል። አንዱን ቀን ቤት ነበርኩና አየሁት፣ ሊፍቱ ሊነሳ ሲል የነጠላዋ ጥለት ጎማው ውስጥ ገብቶ ተጠመጠመ፣ ሾፌሩ ሀምሳ የሚሆነው ያገራችን ሰው ነው፣ "እማማ፣ አንዴ ይቆዩኝ፣ እንዳይቀደድብዎት" ብሎ በረዶው ላይ ተንበረከከ፣ ጎማውን በእጁ ትንሽ ትንሽ ወደኋላ እያዞረ ክሩን አንድ ባንድ አወጣው። ጓንቱን አውልቆ ነው ያደረገው፣ ጣቱ ቀልቶ ነበር። "የኔ ልጅ፣ ብርክ በል" አለችው። ከዛ ወዲህ እሱ በመጣ ቁጥር ሊፍቱን ሳይነካ በፊት "እማማ፣ ነጠላው ገብቷል?" ይላታል፣ እሷም ሰብስባ ጭኗ ላይ ታሳየዋለች።

ይሄ ምን ማለት እንደሆነ የሚገባው አዲስ አበባ ያለውን ለሚያውቅ ነው። እግሯን ከታመመች በኋላ ሰፈር ውስጥ ታክሲ ድረስ ሁለት የጎረቤት ልጆች በወንበር ተሸክመው ነበር የሚያወጧት፣ ልጆቹ እግዜር ይስጣቸው አንድ ቀን ፊታቸውን አላጠቆሩም፣ ሚኒባሱ ውስጥ ደሞ ዊልቸር አይገባም፣ ኮንትራት መያዝ ነው። እሷ ግን ይሉኝታ ያዛትና መውጣቱን ቀስ በቀስ ተወችው፣ ለቀስተኛ ሳይሆን አስለቃሽ የምትባል ሴት ለቅሶ ቀረች። እዚህ መጥታ ራሷ ደውላ፣ ራሷ ከፍላ፣ የማንንም ፊት ሳታይ ከቤት መውጣቷ ለኔ ከምንም በላይ ነው፣ ከሶስቱ ኮከብ ሁለቱ ለዚህ ናቸው።

አሁን ቅሬታዬ። መውሰዱ ላይ ብዙ ጊዜ በሰዓቱ ናቸው። ግማሽ ሰዓት ክፍት ጊዜ አላቸው፣ 11 ከተባለ እስከ 11፡30 ይመጣሉ፣ ይሄን ለምደነዋል። ችግሩ መመለሱ ነው። ዲያሊሲስ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ለአራት ሰዓት ያህል ማሽኑ ላይ ናቸው፣ ከዛ መርፌው ተነቅሎ ደሙ እስኪቆም ጨርቅ ተጭኖ ይጠበቃል፣ አንዳንድ ቀን 10 ደቂቃ አንዳንድ ቀን 40፣ የደም ግፊቷ ከወረደ ደሞ አስተኝተው ያቆዩዋታል። ስለዚ መመለሻውን ከአንድ ቀን በፊት በትክክለኛ ሰዓት መያዝ አይቻልም። የሰጡን ምርጫ "ዊል ኮል" የሚሉት ነው፣ ስትጨርሺ ደውዪ፣ የተገኘ ቫን እንልካለን። የተገኘ ነው ቃሉ። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሰው ከስራ በሚወጣበት ሰዓት የሚገኝ ቫን የለም።

ሁለተኛው ዊንተር ላይ ጃንዋሪ ውስጥ አንድ ሀሙስ፣ በፈረንጅ ከሰዓት በኋላ 4፡35 ላይ ጨርሳ ደወለች፣ ቫኑ የመጣው 6፡45 ነው። ማዕከሉ ሰራተኞቹን ሲያሰናብት እሷን በሁለቱ የመስታወት በሮች መሀል አስቀመጧት፣ የውጪው በር በተከፈተ ቁጥር ብርዱ ይገባል። እኔ የምሽት ሽፍት ላይ ነበርኩ፣ በእረፍት ሰዓቴ ዲስፓች (ቫኖቹን የሚመድበው ቢሮ) ጋ ደውዬ 25 ደቂቃ ሙዚቃ ሰማሁ፣ ከዛ "በመንገድ ላይ ነው" አሉኝ፣ ሁለተኛም ስደውል "በመንገድ ላይ ነው"። አንዲት የጽዳት ሰራተኛ ናት ስራዋን ጨርሳ ሳትሄድ አብራት የቆየችው፣ ስፓኒሽ ተናጋሪ ናት፣ እማዬ አማርኛ፣ ሁለት ሰዓት ምን እንደተባባሉ እግዜር ይወቀው፣ ጋቢዋን እስከ ጆሮዋ ከናንባላት ነበር ስትመለስ። ከዲያሊሲስ የወጣ ሰው በጤና ቀን እንኳን ይበርደዋል። ቤት ደርሳ ደወልኩላት፣ "ምንም አልሆንኩም፣ ስራህን ስራ" አለችኝ፣ ድምጿ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

በማግስቱ ደውዬ ቅሬታ ሳስመዘግብ ያገኘሁት መልስ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ። ልጅቷ በትህትና "ጉዞው ዘገየ ተብሎ አልተመዘገበም፣ ዊል ኮል ላይ የተገባ ሰዓት ስለሌለ" አለችኝ። ልብ በሉ፣ ቃል ስላልገቡ አልዘገዩም። ሪፖርታቸው ላይ በሰዓቱ የደረሰ የሚለው ቁጥር ጥሩ የሚመስለው ለዚህ ነው፣ በጣም የደከመው ሰው የሚጠብቅበት ሰዓት ቁጥሩ ውስጥ የለም። አገልግሎቱን እናሻሽላለን የሚል ሰው ካለ አዲስ ቫን ከመግዛቱ በፊት እዚህ ላይ ይጀምር፣ ሰው ጨርሻለሁ ብሎ ከደወለበት ደቂቃ ጀምሮ ይቆጠር፣ ለምሳሌ 45 ደቂቃ ተብሎ ጣሪያ ይደረግለት፣ ካለፈ ዘገየ ተብሎ ይጻፍ።

ሌላ የመመለስ ነገር ኖ ሾው ነው። ሾፌሩ ደርሶ 5 ደቂቃ ብቻ ነው የሚጠብቀው፣ ለሌሎቹ ተሳፋሪዎች ሲባል ነው፣ ይገባኛል። አንድ ቀን የልብ ሀኪም ጋ ሄዳ ህንጻው ሁለት በር አለው፣ እሷ ያወረዷት በር ላይ ትጠብቃለች ቫኑ በኋላኛው በር መጥቶ 5 ደቂቃ ጠብቆ ሄደ፣ አልተገኘችም ተብሎ ተጻፈባት። ደብዳቤ መጣ፣ ከተደጋገመ አገልግሎቱ ይታገዳል የሚል። እማዬ ደብዳቤውን አስነብባኝ ሌሊቱን አልተኛችም፣ ወንጀል የሰራች ነው የመሰላት። ህጉ ግን ከተሳፋሪው ቁጥጥር ውጪ በሆነ ምክንያት የቀረ ጉዞ እንዲቆጠር አይፈቅድም፣ ማገድም የሚቻለው ሆን ተብሎ በተደጋጋሚ ሲሆን ነው፣ ጽፌ ላኩላቸው፣ ሰረዙት። እናንተም ደብዳቤ ሲመጣ ዝም አትበሉ። የበሩን ጉዳይ ደሞ አሁን ስንይዝ "የፋርማሲው ምልክት ያለበት በር" ምናምን ብለን እናስጽፋለን፣ ሾፌሩ ታብሌት ላይ ይወጣለታል።

ወደ ቤተክርስቲያን መጣሁ። ህጉ ቫኑ መድረስ ያለበትን ቦታ በባስ መስመር ነው የሚለካው፣ ከመስመሩ ግራና ቀኝ ሶስት ሩብ ማይል፣ 1.2 ኪሎሜትር አካባቢ ማለት ነው፣ ሰዓቱም ባሱ የሚሰራበት ሰዓት ነው። የኛ ቤተክርስቲያን ድሮ ከተማው ውስጥ ተከራይቶ ነበር፣ ምዕመኑ ሲበዛ መሬት ረከስ ወዳለበት ወጥቶ የራሱን ገዛ፣ እልል ብለን ነው የገባነው፣ ግን ባስ አይደርስም እዛ፣ ስለዚ ቫኑም አይደርስም። የሚቀርበው ባስ ያለበት ነዳጅ ማደያው ድረስ ያደርሷታል፣ ከዛ ሰው ይወስዳታል። ትንሳኤ ሌሊት ደሞ ይባስ፣ ቅዳሜ ማታ 9 ሰዓት በፈረንጅ ወስደው ማደያው ድረስ ያደርሷታል፣ ቅዳሴው የሚያልቀው ሌሊት ነው፣ የመጨረሻው ባስ ግን እኩለ ሌሊት ሳይሞላ ገብቷል፣ መመለሻ የለም። እሁድ ለኪዳንም ያው ነው፣ ባስ የሚጀምረው ዘግይቶ ነው። ህጉን አልጣሱም፣ ህጉ ግን ዝቅተኛውን ነው የሚያስቀምጠው፣ ከዛ በላይ ማድረግ ማንም አይከለክላቸውም። የቤተክርስቲያን አስተዳዳሪዎችም ብታነቡት ደስ ይለኛል፣ ቦታ ስትገዙ የባስ መስመር ካርታ አውጥታችሁ እዩ፣ ከመስመሩ በ1.2 ኪሎሜትር ውስጥ ከሆነ አረጋውያኑ በራሳቸው ይመጣሉ።

የሁለት ካውንቲውን ነገር ባጭሩ። አክስቴ ጎረቤት ካውንቲ ነው የምትኖረው፣ በመኪና 25 ደቂቃ። የኛው ቫን ድንበሩ ላይ ያለ ሞል ፓርኪንግ ድረስ ይወስዳታል፣ እዛ ወርዳ የነሱን ቫን ትጠብቃለች። ሲሄዱ ተገጣጥሞላቸው ያውቃል፣ ሲመለሱ የነሱ 20 ደቂቃ ዘገየ፣ የኛው 5 ደቂቃውን ጠብቆ ሄደ፣ ከስራ ወጥቼ ከፓርኪንግ አነሳኋት። ከዛ በኋላ እህትማማቾቹ በስልክ ብቻ ነው የሚገናኙት፣ አክስቴም አትነዳም። ሁለቱ ድርጅቶች ቢያንስ አንዱ ቫን ሌላኛው ሳይደርስ ተሳፋሪ አውርዶ እንዳይሄድ፣ ዲስፓቾቹ በስልክ እንዲነጋገሩ ቢስማሙ ግማሹ ችግር ይቃለላል፣ ቢቻል ደሞ አንዱ ቫን እስከ መጨረሻው ይውሰዳት።

የተሻሻለም አለ፣ አለማለት ውሸት ነው። ካለፈው አመት ጀምሮ ቫኑ ሊደርስ 10 ደቂቃ ሲቀረው ቴክስት ይመጣል፣ አፕ ላይ መኪናው የት እንደደረሰ ይታያል፣ እኔ ስራ ቦታ ሆኜ አይና "እማዬ ተዘጋጂ" ብዬ እደውላለሁ። ትልቁ ግን ይሄ ነው፣ ድርጅቱ የተጠቃሚዎች ስብሰባ አለው፣ ማንም ገብቶ ሶስት ደቂቃ መናገር ይችላል፣ እኔና አንድ ባሏን የምታመላልስ የቬትናም ሴትዮ ሄደን የዲያሊሲሱን መመለሻ አነሳን። ከዛ ማዕከል በዛ ሰዓት የሚወጡት አምስት ሰዎች መሆናቸውን፣ ሶስቱ እኛው ሰፈር አካባቢ እንደሚኖሩ ስም ሳንጠራ ቁጥሩን ብቻ ጽፈን ሰጠናቸው። ለአምስቱም ለየብቻ ቫን ከመፈለግ አንዱ 4፡45 አንዱ 5፡30 መጥቶ የደረሰውን ይጫን፣ በቃ። ከሁለት ወር በኋላ ጀመሩት፣ አሁን አራት ወር ሆነው፣ ማክሰኞና ሀሙስ ከ40 ደቂቃ በላይ ጠብቃ አታውቅም። ሾፌሮቹም ወደውታል፣ መንገዱ ቀለለላቸው። ቅዳሜ ግን ሰው የለንም ብለው አልጀመሩትም፣ ቅዳሜ አሁንም ዊል ኮል ነው፣ ባለፈው ቅዳሜ ሰዓት ከሀያ ጠበቀች።

እንደ አማራጭ ታክሲ ወይ ኡበር በድጎማ ይስጡን የሚል ሰው ብዙ ነው፣ ቦስተን ከ2016 ጀምሮ ከኡበርና ሊፍት (Lyft) ከሚባሉት የታክሲ ድርጅቶች ጋር ሞክሮታል፣ መራመድ ለሚችል፣ ስማርት ስልክ ለሚጠቀም ሰው ጥሩ ነው፣ ቫኑንም ያቀልለታል። ለእማዬ ግን አይሆናትም፣ ዊልቸር የሚያስገባ መኪና ብዙ የለም፣ ደሞ እኔ እንደማምነው ዋናው ነገር ወርዶ በር ድረስ የሚመጣው ሰው ነው። ቫኑን አጥፍተው በሱ እንዳይተኩት ስብሰባው ላይ በርቱ።

2 ነበር ድሮ የሰጠሁት፣ ማክሰኞና ሀሙስ ስለተስተካከለ ነው 3 ያደረግኩት። ቅዳሜም እንደዛው ሲሆን መጥቼ 4 አደርገዋለሁ። ሌላ ካውንቲ ያላችሁ፣ የትንሳኤን ሌሊት መመለሻ እንዴት እንደምታደርጉት ፋሲካ ሳይደርስ ጻፉልኝ፣ እማዬ ካሁኑ እየጠየቀችኝ ነው።